ያቺው ጊሽጣ ናት?

«ፍሬዋን ውሰጂና ትከይ። ምን ያስጨንቅሻል? ያቺው ናት እኮ።»

ጎረቤታችን እማማ ይህን ያሉኝ ድሬዳዋ ለገሃሬ ባለው ግቢያቸው፣ ጊሽጣዋ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን ነው። ዛፏ ልትቆረጥ ነበር። ልጆቻቸው አሮጌውን ቤት አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ተስማምተዋል። የመሠረቱ ቁፋሮ የሚያልፈው ደግሞ ልክ እሷ በቆመችበት ቦታ ላይ ነው። በማንም አልፈርድም። ቤተሰቡ በዝቷል፤ ድሬ ላይ የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ራሳቸውም ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው ተቀብለውታል። ያቺ «ያቺው ናት» የምትለው ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ማታ ስተኛ ትመጣለች፤ ጠዋት አትክልት ሳጠጣም ትመጣለች።

ምክንያቱም የዚያች ዛፍ ልጅ እኔ ግቢ ውስጥ አለች። ከዓመታት በፊት እማማ ከሰጡኝ ፍሬ ዘሩን ወስጄ የተከልኳት ናት። አድጋ አፈራች። እንደ እናቷ ግን አልሆነችም። የእማማ ጊሽጣ ሥጋው ወፍራም ነው፤ ምላስ ላይ ይሟሟል። ዘሩ ጥቂት ነው። ዛፉ ላይ እያለ ቶሎ አይሰነጠቅም። የእኔዋ ፍሬዋ ትንሽ ነው፤ ዘር በዘር ነው፤ ከልጣጩ አጠገብ ያለው ሥጋ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን ሌላ ነው።

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላል ያገራችን ሰው። ለጊሽጣ ይህ ምክር ግማሽ እውነት ነው። ከዘር የበቀለ ጊሽጣ ብዙ ጊዜ ወደ እናቱ ያዘነብላል። ለዚህም ነው ድሬ ውስጥ ሰው ሁሉ ዘሩን አጥሩ ስር እየጣለ ዛፍ ያገኘው። ወደ እናት ማዘንበልና እናትን መሆን ግን ይለያያሉ። እኔ የፈለግኩት የምትመስላትን አልነበረም። እሷኑ ነበር የፈለግኩት።

አበባዋን ያየ ይገባዋል

ዘሩ ለምን እንደሚለያይ ያስተማረችኝ አበባዋ ናት። የጊሽጣ አበባ ዓይን አይሞላም። አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወፈር ያሉ ሦስት መልካበባዎች ያሉት፣ ወደ መሬት ያቀረቀረ ነገር ነው። ብዙ ሰው አበባ መሆኑንም ልብ አይልም። ውስጡ ሴቴውም ወንዴውም አለ። ሁለቱ ግን በአንድ ሰዓት አይነቁም። አበባው ገና ገርበብ ሲል የሚደርሰው ሴቴው ክፍል ነው፤ ያኔ እርጥብ ይሆናል፣ ያብረቀርቃል። በኋላ አበባው ወለል ብሎ ሲከፈት ወንዴው ዱቄቱን ይለቃል። በዚያ ሰዓት የሴቴው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ አንድ አበባ ከራሱ ማርገዝ ይቸግረዋል። ዱቄቱ ከሌላ አበባ መምጣት አለበት። ያ ሌላ አበባ ከዚያው ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ከአጥር ማዶ ካለው የጎረቤት ዛፍም ሊሆን ይችላል።

ዱቄቱን የሚያመላልሱት በዋናነት ንቦች አይደሉም፤ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። ሽታው ስቧቸው በጠባቡ ክፍተት ይገባሉ፤ ሲወጡ ዱቄት ተሸክመው ነው። ድሬ ላይ አበባው የሚበዛው ሙቀቱ በሚከርበት ጊዜ ነው። አየሩ ሲደርቅ ሴቴው ክፍልም ቶሎ ይደርቃል። አንድ ዛፍ በአበባ ተሸፍኖ ከርሞ ጥቂት ፍሬ ብቻ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ቡዳ በላው የሚሉት ዓመት ብዙውን ጊዜ ጥንዚዛ የጠፋበት ወይም አየሩ የደረቀበት ዓመት ይመስለኛል።

እኔ በማለዳ ትንሽ የሥዕል ብሩሽ ይዤ እወጣለሁ። ወለል ብለው የተከፈቱትን አበቦች ቆርጬ ንጹሕ ስኒ ላይ አራግፋቸዋለሁ። ከዚያ ገርበብ ያሉትን እየፈለግኩ ብሩሹን ወደ ውስጥ አስገብቼ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። የተነካካው አበባ ከያዘ፣ ከቀናት በኋላ ጭራው ላይ አረንጓዴ ጉብ ያለች ነገር ትታያለች። ከዚያ እስክትደርስ ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። ቅርጹም ያምራል። ዱቄቱ በደንብ ያልደረሰው ፍሬ አንድ ጎኑ ሰምጦ የተጣመመ ይሆናል፤ በብሩሽ የተሠራው ሙሉ ክብ ነው። ቤታችሁ ጊሽጣ ካለ ዘንድሮ ሞክሩት።

ወደ ዘሩ ልመለስ። በእማማ ፍሬ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዘር አባት አለው። ያ አባት ማን እንደሆነ አናውቅም። እማማ ዘሩን «ያቺው ናት» ሲሉኝ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ያለችው የማላውቀው አባት ልጅ ትታየኝ ነበር።

መንገድ የማይወድ ፍሬ

«ይህን ያህል ምን ያስለፋል? ጊሽጣ ሞልቷል አይደል?» ያለኝ ሰው አለ። ሞልቶ ነበር። አሁንም ገበያ ላይ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። ግን ጊሽጣ ከዛፉ ርቆ የሚኖር ፍሬ አይደለም።

የበሰለ ጊሽጣን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ጠንካራውን ትቆርጣለህ፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ዛሬ ካልበላኸው ነገ የለም። ዛፉ ላይ ከተውከው ይሰነጠቅና ለወፍና ለጉንዳን ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ስታስገባው ልጣጩ ይጠቁራል። ትክክለኛው መቁረጫ ጊዜ በእያንዳንዱ ጉብታ መካከል ያለው ስንጥቅ ሰፋ ብሎ ወደ ነጭና ቢጫ ሲለወጥ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተቆረጠ ሳይጣፍጥ ይጨማደዳል። ድሬ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቡር የገባባት ከተማ ናት፤ ስንቱን ዕቃ አጓጉዛለች። በልጅነቴ ግን እናቴ በባቡር ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችን የወሰደችው ጊሽጣ ዘንቢሉ ውስጥ ገንፎ ሆኖ ነበር የደረሰው።

እዚያው አዲስ አበባ ተክለው ይብሉ እንዳይባል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ብርድ አይስማማውም። ጊሽጣ ሙቀት ይወዳል፤ የኛ 1,200 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ውርጭ ጠላቱ ነው፤ ስሩ ላይ የሚቋጥር ውሃም እንደዚያው። አሸዋማው የድሬ አፈር ለሱ የተሠራ ይመስላል።

መንገድ ስለማይወድ የሰፈር ፍሬ ሆኖ ቀረ። የአንድ ዛፍ ፍሬ መድረስ ሲጀምር ተከታትሎ ይደርሳል፤ አንድ ቤተሰብ አይጨርሰውም። ስለዚህ ይታደላል። የእማማ ጊሽጣ በደረሰ ቁጥር በሳህን ተሸፍኖ ለየቤቱ ይዞር ነበር፤ ሳህኑም ባዶውን አይመለስም። ስንት ኩርፊያ በዚያ ሳህን እንደተፈታ እኔ ምስክር ነኝ። ዛፉ ሲቆረጥ የሚቆመው ፍሬው ብቻ አይደለም ብዬ ያሰብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዱባይ የምትሠራው የእማማ ልጅ አንድ ቀን ከህንዶች ሱቅ ደውላ ነበር። ህንዶች ሲታፋል ይሉታል። እያንዳንዱ ፍሬ በነጭ ስፖንጅ መረብ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። አንዱን ገዝታ ቀመሰችው። «ጥሩ ነው» አለች፤ ትንሽ ዝም ብላ «የኛን አይሆንም» አለች። ያኔ ዛፏ ልትቆረጥ መሆኑን ገና አልነገርናትም ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ

አንድ ማንጎና አቮካዶ ሲያዳቅል፣ ማለትም የጥሩ ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ ሌላ ችግኝ ላይ ሲያጣብቅ የኖረ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ አውቃለሁ። ጋሼ ነው የምለው። ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«አቦ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለኝ። «ጊሽጣ ከማንጎ አይከብድም። ዓይኑ የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። ቀንበጡን ከመቁረጥሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ቅጠሉን ከላዩ ላይ አንሺለት። ከስሩ እንዳትነቅይው። ቅጠሉን በመቀስ ቁረጪና እግሩን ተዪው።»

ዓይን ያለው አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን ጉብታ ነው፤ እግሩ ያለው ደግሞ ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ዘንግ ነው። ለምን እንደሚተው ብጠይቀው «ሂጂና ሥሪው፤ ታዪዋለሽ» ብሎ ሸኘኝ።

ጊዜው የካቲት መግቢያ ነበር። ጊሽጣ በበጋው መጨረሻ ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል። ባለፈው ዓመት የበቀሉ፣ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው፣ ፀሐይ የሚያገኛቸው ቅርንጫፎች መርጬ ቅጠላቸውን ቆረጥኩ። እማማ ቤተክርስቲያን ሄደው ነበር። ሲመለሱ ዛፏን አይተው ክው አሉ።

«ሳትሞት ገነዛችኋት!» አሉ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ እዚያው ቆሙ። «ለመቆረጧ አንድ ወር አይሞላት። ምናለ በሰላም ብትተዋት?» የምመልሰው አልነበረኝም። ጋሼ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ለቀናት ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ለማየት ስገባ እማማ ከዛፏ ስር ተቀምጠው የሽሮ እህል ይለቅማሉ። አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጌ ያዝኩና አንድ የቅጠል እግር በጣቴ ነካሁ። መንካት ብቻ ነበር። እግሩ ተለቆ እጄ ላይ ወደቀ። የተነሳበት ቦታ ላይ ያበጠች፣ ጸጉራም፣ ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለባት አንዲት ዓይን ቁጭ ብላለች።

ቀጣዩን ነካሁ። እሱም ወደቀ። ስሩ ሌላ ዓይን አለ።

ማንጎም ብርቱካንም ላይ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበት ዓይን በቅጠሉ ብብት ውስጥ ነው፤ ላየው ሰው ይታያል። ጊሽጣ ላይ ግን የቅጠሉ እግር ከታች ባዶ ነው፤ ዓይኗን እላዩዋ ላይ ቆሞ ሸፍኗታል። ቅጠሉ እስካለ ድረስ ዓይኗ አትወጣም። ጋሼ እግሩን ተዪው ያለኝ ለዚህ ነው። በግድ ቢነቀል ዓይኗን ይጎዳታል፤ ሲተው ግን በራሱ ጊዜ ደርቆ ይለቃል፤ እሷም እስከዚያው ታብጣለች።

«እማማ፣ ይምጡ እስቲ» አልኩ።

ሰፌዱን አስቀምጠው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን እግር ራሳቸው እንዲነኩት ቅርንጫፉን አቀረብኩላቸው። ነኩት፤ ወደቀ። ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እኚህ ሴት ከዚህች ዛፍ ጋር ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ቅጠሏን ሲጠርጉ ኖረዋል፤ ፍሬዋን ሲያድሉ ኖረዋል። ይህን አይተው አያውቁም።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በየበጋው ቅጠሏ ሲረግፍ ልትደርቅብኝ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሃ እጨምርላት ነበር። ለካ መንገድ እየጠረገች ኖሯል።»

ብዙ ነገር የተለወጠው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሥራው የኔ ነበር፤ እሳቸው የሚያዝኑ እኔ የምሮጥ ነበርን። ከዚያ በኋላ እሳቸው መሪ ሆኑ። «ከዚያኛው አትውሰጂ» አሉኝ። «በዚህ በኩል ያለው ነው የሚጣፍጠው። ጠዋት ፀሐይ የሚመታው።» እኔ ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዛፍ መሆኑን አውቃለሁ። የዚያኛው ቀንበጥ ፍሬ ከዚህኛው ተለይቶ አይጣፍጥም። ፀሐይ ያገኘ ቀንበጥ ግን የተሻለ ስንቅ ይዟል፤ ለማዳቀል የሚመረጠውም እሱ ነው። የእሳቸው ዓይንና የጋሼ ምክር በየራሳቸው መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተገናኙ። ያሉኝን ቆረጥኩ።

ይህን የቅጠል ነገር አጥብቀው የያዙት ታይዋኖች ናቸው። ድሬ ውስጥ «ታይዋን» ስንል ሁላችንም የሚታየን ገበያው ነው። እውነተኛዋ ታይዋን ደግሞ በጊሽጣ ስሟ የሚጠራ አገር ናት፤ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ ያለችው ታይቱንግ። ገበሬዎቿ ቅርንጫፉን ይገርዙና ቅጠሉን ያነሳሉ። ዓይኗ በፈለጉት ወቅት እንድትወጣ ያደርጋሉ። አዲሱ ቀንበጥ አበባ ይዞ ስለሚወጣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ተባይ አገኘሁበት ብላ የታይዋንን ጊሽጣ ስታግድ ጉዳዩ የመንግሥታት ጭቅጭቅ እስከመሆን ደረሰ። እኛ አጥር ስር የምንጥለው ዘር ሌላ ቦታ ይህን ያህል ይከብዳል።

ምላጭና ፌስታል

ከታች የሚሆኑትን ችግኞች ከዘር አዘጋጅቼ ነበር። የጊሽጣ ዘር አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ከከረመ ሞቅ ባለ ቦታ በአንድ ወር ገደማ ይበቅላል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት እስኪያገኝ አንድ ዓመት አካባቢ ይፈልጋል። ዘሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይጠንቀቅ። ዘሩ መርዝ አለው። ሳይሰበር ቢዋጥ ብዙ ጊዜ እንዳለ ያልፋል፤ የተፈጨ ወይም የተሰበረ ዘር ግን ሆድ ውስጥ መግባት የለበትም። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ለቅማል ብለው ራሳቸው ላይ የሚቀቡት ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

የማዳቀሉ ሥራ ራሱ አጭር ነው። የችግኙን አናት ትቆርጡታላችሁ። መሐሉን በአዲስ ምላጭ ወደ ታች ትሰነጥቁታላችሁ። ቀንበጡን ሁለት ሦስት ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ ታሳጥሩና ታችኛውን ጫፍ በሁለት በኩል ሾል አድርጋችሁ ትቀርጹታላችሁ። ስንጥቁ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ምላጩ በአልኮል ይጠረግ፤ የተቀረጸው ቦታ በጣት አይነካ።

ሁሉ ነገር ያለው ከቅርፊቱ ስር ባለችው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ላይ ነው። የሚያድገው እሷ ናት፤ የሚያጣብቀውም እሷ ናት። የቀንበጡ አረንጓዴ ከችግኙ አረንጓዴ ጋር መነካካት አለበት። ሁለቱ እኩል ውፍረት ካላቸው በሁለቱም በኩል ይገጥማሉ። ቀንበጡ ከቀጠነ መሐል ላይ አታስቀምጡት፤ ወደ አንድ ጎን አስጠጉትና ቢያንስ በዚያ በኩል ይግጠም። ከዚያ ማሰር ነው። ከፌስታል የተቀደደ ቀጭን ጥብጣብ ይበቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ነው የሚመስለኝ። ከስንጥቁ በታች ጀምሮ እየተደራረበ፣ እየተወጠረ፣ አየርም ውሃም እንዳያስገባ ሆኖ ይታሰር። በላዩ ላይ ብርሃን የሚያስገባ ቀጭን ላስቲክ ይሸፈንበትና ጥላ ስር ይቀመጥ። የድሬ ነፋስ ካገኘው በቀናት ውስጥ ያደርቀዋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ያልያዘው ቀንበጥ ይጠቁራል፤ ይጨማደዳል። የያዘው አረንጓዴነቱን ይጠብቅና ዓይኗ ትፈነዳለች። ከኔዎቹ የደረቁ አሉ፤ አብዛኞቹ ያዙ። በዚህ ጊዜ የሚያታልለው ከመገጣጠሚያው በታች የሚወጣው ቡቃያ ነው። ወፍራምና ደስ የሚል ሆኖ ይወጣል። እሱ የታችኛው ችግኝ ነው፤ ካልተቀነጠሰ ላይኛውን ያስርበዋል። አዲሱ ቀንበጥ ጠንከር ሲል ደግሞ ፌስታሉ ይፈታ፤ ካልተፈታ እያደገ የሚሄደውን ግንድ ያንቀዋል።

አገራችን ውስጥ ማንጎና አቮካዶ ማዳቀል አሁን ተለምዷል። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት ብዙ ሠርተውበታል፤ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ የማይፈልግ ገበሬ የለም። ጊሽጣን ግን የሚጠይቅ የለም። ለውጭ ገበያ አይሆንም፤ ያ ይገባኛል። ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ግቢዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ ዛፍ አላውቅም። አጭር ነው፤ በበርሜልም ያድጋል፤ በድርቅ ቶሎ አይሞትም። በየሰፈሩ ያሉት ምርጥ ዛፎች በፎቅ መሠረት ስር እየገቡ ነው። ማንም ሳይመዘግባቸው፣ ማንም አንድ ቀንበጥ ሳይወስድላቸው። ይህ ያናድደኛል።

ዕድሜዋን ይዛ መጣች

ከተዳቀሉት አንዷ በቀጣዩ ዓመት፣ ቁመቷ ገና ከጉልበቴ ሳያልፍ፣ አበባ አወጣች። ከዘር የመጣች ብትሆን አበባ ለማየት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ። ይህቺ ግን ቀንበጧ የመጣው ሲያፈራ ከኖረ ዛፍ ነው። ልጅነቱን ጨርሶ ነው የመጣው። አዲስ ስር ላይ ስላረፈ እንደገና ሕፃን አልሆነም።

ይህን ሳስብ ብዙ ቆየሁ። እማማ ግቢ የነበረችው ዛፍ ተቆርጣለች፤ ቦታው ላይ ኮንክሪት ቆሟል። እኔ ጋ ያለው እንጨት ግን የሷ እንጨት ነው። የሞተ ነገር ቅጂ አይደለም። አንድም ቀን ሳይሞት ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የተሻገረ ነው። እንዲህ ከታየ ያቺ ዛፍ መቼ ነው የተቆረጠችው? የቱ ክፍሏ ሲቆረጥ ነው ተቆረጠች የሚባለው?

ዘርን እያጣጣልኩ እንዳይመስልባችሁ። አዲስ ነገር የሚገኘው ከዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ማያሚ ውስጥ ዌስተር የሚባል የአሜሪካ የግብርና ባለሙያ ጊሽጣን ቺሪሞያ ከተባለው ደጋ ወዳድ ዘመዱ ጋር በቀንበጥ ሳይሆን በአበባ ዱቄት አዳቀለ። ከዚያ ዘር አቴሞያ የሚባለው ተገኘ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አኖና እያሉ የሚገዙት ትልልቅ ፍሬም በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ያን የመሰለ ዛፍ አንዴ ከተገኘ በኋላ ግን ሳይለወጥ የሚቆየው ቀንበጡ እየተቆረጠ ሌላ ስር ላይ ሲቀመጥ ነው። እኔ ያሳሰበኝ ይኸኛው ወገን ነው፤ የተገኘውን አለማጣት።

አንዷን ችግኝ ለእማማ ሰጠኋቸው። ግንባታው እስኪያልቅ ሳቢያን ሰፈር ልጃቸው ቤት ነበሩ። ግማሽ በርሜል ውስጥ ተክለናት በረንዳው ጥግ ላይ ቆመች። የመጀመሪያዎቹን አበቦች እንድናነሳቸው ስነግራቸው ተቆጡ። «አበባ ይነቀላል እንዴ? ኃጢአት ነው!» ዛፏ ገና ስር እየሰደደች መሆኗን፣ ፍሬ ብትሸከም እድገቷ እንደሚቆም አስረዳኋቸው። አንዷን አበባ ተዉልኝ አሉ። ተውናት። ረገፈች።

በቀጣዩ ዓመት ግን ያዘች። የደረሰ ጊዜ ጠሩኝ። ፍሬውን ሁለት ቦታ ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ሥጋው ወፍራም ነው። ዘሩ ጥቂት ነው። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያ ጣዕም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። እማማ ግን ዝም ብለው ያላምጣሉ። ዘሩን አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ እየተፉ ጨረሱ።

«ናት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ውሃ በዝቶባታል።»

እውነታቸውን ነው። በርሜል ውስጥ ያለች ዛፍ በየቀኑ ትጠጣለች፤ የለገሃሬዋ ስሯን ሰድዳ በራሷ ነበር የምትፈልገው። ፍሬ ሊደርስ ሲል ውሃ ሲበዛ ጣዕሙ ይሳሳል፤ ይሰነጠቃልም። ከታች ያለው ስር የሌላ ነው፤ አፈሩም ሌላ ነው። ማዳቀል ዛፏን አመጣልን፤ የቆመችበትን ግቢ ግን አላመጣም። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሬው ማበጥ ሲጨርስ ውሃውን እንቀንሳለን። የዘንድሮው ከአምናው ተሻለ፤ እማማም «እየመጣች ነው» ብለዋል።

አንድ ነገር ልለምን። ግቢያችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት ጥሩ ጊሽጣ ካለ፣ በተለይ ቦታው ላይ ሊገነባ ከታሰበ፣ ከመቆረጡ በፊት ቀንበጥ ውሰዱ። ማዳቀሉን ራሳችሁ ባትችሉ ማንጎ የሚያዳቅል ሰው በየከተማው አለ፤ እጁ ያው ነው። ቅጠሉን በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መግቢያ ቁረጡ፤ እግሩን ተዉ፤ እግሩ በራሱ ሲለቅ ቀንበጡን ቁረጡ። ሩቅ የሚሄድ ከሆነ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከፀሐይ ከራቀ ለቀናት ይቆያል። ፍሬው ከድሬ አዲስ አበባ መድረስ ቢያቅተው፣ ቀንበጡ አዳማም አርባ ምንጭም ይደርሳል።